ለቀኝ እጅ የተሰፋው አፎት

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ አብዱልሃሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። ከፒያሳ እስከ ወራቤ ያለው መንገድ ሁሉ ሰላምታዬን ቢሸከምልኝ አይበቃኝም። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝዎት ጉልበትስ ተሻለዎት? እናቴ ሀጂራ እንዴት ናት? ዓይኗን ታየች ወይስ ዛሬም ነገ እያለች ነው? እንሰቱ፣ በርበሬው፣ ያቺ ሰው የምትወጋው ላም እንዴት ናቸው? እኔ፣ ባለቤቴ ጁወይሪያና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አሮጌው ቤት ከፈረሰ ወዲህ ከጊዮርጊስ በታች የተከራየነው ክፍል ጠበብ ይላል እንጂ ክፉ አይደለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ይህን ነገር በስልክ ባነሳሁ ቁጥር እኮ ኔትወርክ ይጠፋል። ስለ ከብት ስናወራ ደግሞ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ለወራቤው ሚኒባስ ሾፌር አደራ ብዬ ላክሁት። አባባ፣ ነገሩ ተምታቶብኛል። ብቻዬን ባወጣው ባወርደው ውሉ አልገኝ አለኝ።

እንደሚያውቁት ሥራዬ ቢሮ ተቀምጦ ሒሳብ መሥራት ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን የሽጉጥ አፎት እሰፋለሁ፤ ደስ ስለሚለኝ ብቻ። ፈቃድ ያላቸው፣ መሣሪያቸውን እንደ ልጅ የሚያቆላምጡ ሰዎች ይመጡልኛል። ጥይት እንደሌለበት ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ሽጉጡን በላስቲክ እጠቀልላለሁ፤ ያረጠብሁትን ወፍራም የበሬ ቆዳ አልብሼው፣ በጣቴ እየተጫንሁ ቅርጹን አስይዘዋለሁ። ሲደርቅ የዚያ ሽጉጥ ብቻ ልብስ ይሆናል፤ ለሌላ እሺ አይልም። ጁወይሪያ «ርችት ሲተኮስ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሰው የሽጉጥ ልብስ ሰፊ ሆነ» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው፤ ተኩሼ አላውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለእርስዎም አንድ ሰፍቼ በእህቴ በኢክላስ እጅ ልኬ ነበር። ሽጉጥዎ እጄ ላይ ስላልነበረ፣ በልጅነቴ ከአልጋዎ በላይ ተሰቅሎ ያየሁትን እያስታወስሁ ከእንጨት ጠርቤ፣ ቆዳውን በእንጨቱ ላይ አደረቅሁት። ከዚያ ደወሉና «ያስተማርሁህ ቆዳ እንድትሰፋ ነው? በእኛ አገር ቆዳ የማን ሥራ እንደሆነ ጠፋህ?» አሉኝ። ያገራችን ሰው ቆዳ የሚነካን እጅ ዝቅ አድርጎ እንደሚያይ አልጠፋኝም፤ ከእርስዎ አፍ ይወጣል ብዬ ግን አልጠበቅሁም። እናቴን ስጠይቃት ሳጥን ውስጥ ነው አለች። በጣም ከፋኝ። ሁለት አረፋ ሥራ በዛብኝ ብዬ አገር ቤት ሳልመጣ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ካላዩ የሚባሉ የስድስት ኪሎ ሰው ቤቴን አጠያይቀው መጡ። መሬት ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሽጉጥ ካዩ ምሳ የሚረሱ ሰው ናቸው። ከቦርሳቸው አንድ አፎት አወጡና «ይህን የመሰለ ለወንድሜ ስፋልኝ» አሉኝ። ሳየው ክው አልሁ። የራሴ ስፌት ነው! ጥጉ ላይ ወስፌው አምልጦኝ ያለቦታዋ የተበሳችው ቀዳዳ እንኳ አለች።

ከየት አመጡት ብላቸው፣ ለሽምግልና ወራቤ ሄደው እርስዎ ቤት እንዳደሩ፣ ስለ ሽጉጥ ሲጫወቱ እንዳመሹ፣ ጠዋት ሲሸኟቸው ከሳጥን አውጥተው እንደሰጧቸው ነገሩኝ። «ልጄ ነው የሰፋው። ለቀኝ እጅ ሰፋው፤ እኔ ደግሞ ሽጉጥ የምይዘው በግራዬ ነው። ሽጉጥዎ እንደኔው ስለሆነ፣ እዚህ ተቀምጦ ከሚያረጅ እርስዎ ይታጠቁት። ሌላ ካሻዎት ጊዮርጊስ ሄደው የአብዱልመሊክን ቤት ይጠይቁ» አሏቸው አሉ።

እስቲ አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ካፈሩብኝ፣ ለማያውቁት እንግዳ ልጄ ሰፋው ብለው ለምን ነገሩ? ካላፈሩብኝ፣ ለምን ሰጡት? ቆዳው በቅቤ ታሽቶ ወዝ አውጥቷል። ጋሽ ካላዩ እንደ ተቀበልሁት ነው፣ ምንም አልቀባሁትም አሉ። ሳጥን ውስጥ የተጣለን ነገር ማን ቅቤ ሲቀባው ይኖራል? እናቴ ከሆነች ለምን አልነገረችኝም? እርስዎ ከሆኑ ያ ስልክ ምን ነበር?

ከሁሉ የከበደኝ ግን የግራ እጅዎ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ ግራዬ ቀድሞ ወደ ማዕድ ሲሄድ በጣትዎ መታ አድርገው «አውርድ» ይሉኝ ነበር። በቀኝ መብላት ሱና ነው፤ እሱን አልከራከርም። ግን እርሳስም ስይዝ አውርድ፣ ድንጋይም ስወረውር አውርድ። እርስዎ ሲበሉ በቀኝ፣ ሲጨብጡ በቀኝ፣ የአረፋውን በሬ ሲያርዱ በቀኝ፤ ታዲያ ሽጉጡንስ በግራ ይይዛሉ ብዬ ከየት ልጠርጥር? ከግድግዳው ሲያወርዱት አንድ ቀን አላየሁም። አፎት መስፋት ለምን እንደያዘኝ ያውቃሉ? በሁለት መርፌ ነው የሚሰፋው፤ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ ይገባል። ግራ እጄን አውርድ የማይባልበት ቦታ ያገኘሁት እዚያ ነው። እርስዎም እንደኔ ከነበሩ ምነው አንድ ቀን ሹክ ቢሉኝ? ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼም ይሆናል፤ እኔም አላወቅሁት።

የድሮውን ልመልሰው ብዬ ጋሽ ካላዩን ብለምናቸው፣ የሽማግሌ ስጦታ አይመለስም ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ አዲስ ቆርጬ ሰፍቻለሁ፤ ለግራ። ቆዳውን ግን አላረጠብሁትም። በትዝታ መጥረብ በቃኝ። ኢንሻአላህ ለአረፋ ይዤው እመጣለሁ፤ እኔ አርጥቤ እይዘዋለሁ፣ ሽጉጡን እርስዎ በግራዎ ይከቱታል። እስኪደርቅ አብረን እንቀመጣለን።

ትንሿ ልጄን ሉባባንም አመጣታለሁ። እርሳስ የምትይዘው በግራዋ ነው። ትናንት በቀኝሽ ያዢ ልላት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። እርስዎ አጠገብ ተቀምጣ ስትጽፍ የሚሏትን ስሰማ፣ እኔን «አውርድ» ሲሉኝ ምን ማለትዎ እንደነበር ያን ጊዜ ይገባኝ ይሆናል።

እናቴን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ቅቤውን ማን እንደቀባው ብታውቅ እስክመጣ በሆዷ ትያዘው። ኢክላስን ከነልጆቿ፣ ባሏን ከነቀልዱ ሰላም ይበሉልኝ። ላሟም ዘንድሮ እንዳትወጋኝ ይንገሯት።

ልጅዎ አብዱልመሊክ
አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.