በጡሩምባ ደጃፍ የተነሰነሰው ኖራ

ይድረስ ለምወድሽና ለምፈራሽ ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። ከባድ ወሬ ይዟል፤ ሰው መሬት ገብቷል፣ ያስገባሁትም እኔ ወንድምሽ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ? እማዬንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከኖራ ብናኝና ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያስለኝ የለም።

የምንሠራው መንገድ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይቦካል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራውን ከአፈሩ ጋር እስከ ክንድ ጥልቀት አገላብጠን፣ ውኃ አጠጥተን፣ አሳድረን እንጠቀጥቀዋለን። ፎርማናችን፣ በጩኸቱ «ጡሩምባ» የምንለው፣ አንድ ቀን ምሳ አስቸኩሎት «ከላይ ነስንሱና ጠቅጥቁ! ነጭ ከሆነ ማን ሆዱን ቀዶ ያያል?» አለን። ነሰነስን። መንገዱ በዝናብ ሲቦካ ግን ሥራችንን ለምትቆጣጠረው ኢንጂነር «ያልቀላቀለው ይሄ ቀልደኛ ነው» ብሎ ጥፋቱን እኔ ላይ ላከከው። አፈር የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ሥራ ልታስገባኝ ቃል የሰጠችኝ እሷ ነበረች፤ ፊቷን አዞረችብኝ። እታለም፣ እኔን የምትረግሚኝን እርግማን ሁሉ በየተራ አወረድኩበት፤ አልበቃኝም።

ባለፈው ሳምንት የቢሮውን ደጃፍ እንዳጠናክርለት አዘዘኝ። ሁሉም እየሰሙ «እንደ ባለፈው ልሥራው ጋሼ?» አልኩት። «እንደ ባለፈው! ምን ያስለፈልፍሃል?» አለኝ። እኔ ታዛዥ ልጅ ነኝ፤ ነሰነስኩለት። እንደ አዲስ አንሶላ ነጣ።

ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጡሩምባ አዲስ ጫማ አድርጎ ኢንጂነሯን ሊቀበል ሲወጣ ግራ እግሩ እስከ ባቱ ሰመጠ። ጮኸ። ሁልጊዜ ስለሚጮህ ማንም ዞር አላለም። እግሩ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ኢንጂነሯ አፈሩን በአካፋ ቆርሳ ጠብታዋን አንጠባጠበችበት፤ ይህ ጠብታ ኖራ ያገኘበትን ሁሉ ሮዝ ያደርገዋል። ላዩ ጣት በምታህል ውፍረት ሮዝ ሆነ፣ ሥሩ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። «እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩ ብሎ ያዘዘ ማነው?» ስትል ሃያ ሰው በአንድ አፍ «ጋሼ!» አለ። መንገዱንም ቆፍራ አየችው፤ ያው ነው።

ሰኞ ላቦራቶሪ እገባለሁ። እሱ መንገዱን እንደ አዲስ ያስገለብጣል፤ እኔ ጠብታዬን ይዤ ከኋላ ከኋላው እያየሁ እስቃለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ስለ ሥራው ንገሪያት፣ ስለ በቀሉ ዝም በይ። አባዬን ሰላም በይልኝ። ታናሻችን ብስክሌቴን ከነካ እሱም ደጃፍ አለው በይው። ባልሽንም ሰላም በይው። ደግሞ አትደንግጪ፤ ነገሩ ሁሉ ሲመዘን አንድ ጫማ ነው፣ እሱንም ቆፍሬ አውጥቼ፣ አጥቤ ሰጥቼዋለሁ። ትንሽ ጠቦታል አሉ።

ከመንገድ ሠራተኞች ሰፈር፣
ሐምሌ ፲፬ ቀን