የቀነስኳቸው ስምንት ዓመታት

ጃንዋሪ 16
ትናንት ክለቡ ግማሹ ባዶ። ቢሆንም ስዘፍን አበባ ተወርውሮልኛል... ሦስት ትሪ ሙሉ። አንዱን ያስወረወረው ራሱ የክለቡ ባለቤት ነው፣ ሌላው እንዲነሳሳ። ፊት የተቀመጠች ልጅ አብራኝ ፎቶ ተነሳች። ደስ አለኝ። «እናቴ እንዴት እንደምትወድህ!» አለችኝ። ደስታዬ እዚያው ቀረ።

ጠዋት ፀጉሬን ቀለም ተቀባሁ። ከዚያ ወገቤን የሚያሸው ሰውዬ ዘንድ። «ስንት ዓመትህ ነው?» «ሠላሳ ዘጠኝ።» ጀርባዬን አንዴ ጫን አደረገና «ወገብህ ግን አልሰማም መሰለኝ» አለ።

እማ ከተሰሎንቄ ደወለች። በላህ? በላሁ። ምን በላህ? ምስር። አልበላሁም። ውሸት እንዴት ቀላል ነው።

ፌብሩዋሪ 3
ሥራዬን የምትመራልኝ ሚርሲኒ ደወለች። «መጀመሪያ ተቀመጥ» አለችኝ። ለዓለም አቀፉ የዘፈን ውድድር ግሪክን ወክሎ ሊሄድ የነበረው የሃያ ሁለት ዓመቱ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ቀርቷል። ዘፋኝ የሚልከው የቴሌቪዥን ጣቢያ እኔን ፈልጓል!

«የማንም ሁለተኛ ምርጫ አልሆንም» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

«ሁለተኛ ማን አለህ? አምስተኛ ነህ። አራቱ እምቢ ብለዋል።»

እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰካራም ስዘፍን... መቼም እንዲህ ያለ ዕድል ሁለቴ አይመጣም።

ፌብሩዋሪ 21
ዘፈኑ ደረሰኝ። «እሳት ነኝ» ይባላል። ደራሲዎቹ ሰባት ናቸው። ቃላቱን ቆጠርኩ... አሥራ አንድ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ። ለአንድ ደራሲ ሁለት ቃል እንኳ አልደረሰውም። «አንዲት የግሪክኛ ስንኝስ?» ብዬ የጣቢያውን ሰውዬ ለመንኩት። ብዙ አሰበበት። «መሐል ላይ አንዴ እንደ ጨፋሪ ‹ኦፓ!› ብለህ መጮህ ትችላለህ» አለኝ።

ማርች 10
ልምምድ። አራት ወጣት ተወዛዋዦች አየር ላይ ያነሱኛል፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ ከሥር ጭስ ይወጣል። ሸሚዜ እስከ እምብርቴ ይከፈታል ተባለ። የሆድ ማሰሪያዬንስ የት ልደብቀው?

ከሚያነሱኝ ልጆች አንዱ «ቀስ ብለው ይደገፉ አቶ አርጊሪስ፣ እንዳይሰበሩብን» አለኝ። ይደገፉ! እንዳይሰበሩብን! በአንድ አንቱታ ቀበረኝ።

ማርች 22
ነገ ጋዜጠኞች እማ ዘንድ ይሄዳሉ፣ ያደግኩበትን ቤት ሊቀርጹ። አንድ ሰዓት በስልክ አስጠናኋት። የቀድሞ ሚስቴን አታንሺ። የወታደር ቤት ፎቶዬን ደብቂ። ብዙ አታልቅሺ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ስለ እኔ ጥሩ ጥሩውን አውሪ።»

ማርች 24
አየሁት። ወይ ጉዴ...

ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች። ለጋዜጠኛዋ ቡጋጻ ኬክ እየቆረሰች፣ ፊቷ በኩራት እየበራ፣ «በትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ነው የወለድኩት! በሰባ ስምንት! አደባባዩ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ!»

እኔ ደግሞ በየጋዜጣው የተወለድኩት በሰማንያ ስድስት ነው።

ጥሩ ጥሩውን አውሪ ብዬ ያዘዝኳት እኔ። ለእሷ ከዚህ የሚበልጥ ጥሩ ነገር የት አለ?

ማርች 25
የነጻነት በዓል። አገር ሁሉ የበዓሉን የተጠበሰ ዓሣ ከቦ ዕድሜዬን በጣቱ ይቆጥራል። የታክሲ ሹፌሩ በመስታወት ሲሰርቀኝ ቆይቶ፣ «አርባ ሰባት? አይዞህ፣ አክሮፖሊስም አርጅታ ነው ሰው የሚያያት» አለኝ።

ሚርሲኒ አልሳቀችም። «ጣቢያው ስድስተኛውን ማነጋገር ጀምሯል። ውሸታም አንልክም እያሉ ነው።»

«ምን ይሻላል?»

«እናትህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሰባ ስድስት።»

ዝም አለች። ዝምታዋ ገባኝ። የገባኝ መሆኑ ነው የሚያሳፍረው።

ማርች 27
የጠዋቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ አልኩት። «እናቴ... ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ትረሳለች። ዓመታቱ ይምታቱባታል።» አቅራቢዋ ትከሻዬን ያዘችኝ። አለቀስኩ። እንባው የእውነት ነበር... ለማን እንደነበር አላውቅም።

ጠዋት ሲሰድቡኝ የነበሩት ከሰዓት ይጸልዩልኝ ጀመር። አንድ ማኅበር የመርሳት ሕመም አምባሳደር ላድርግህ አለኝ። ሚርሲኒ «ሊቅ ነህ!» አለች። ስድስተኛው ተረሳ።

እማ ስልክ አታነሳም።

ማርች 31
አታነሳም።

ኤፕሪል 12
ፋሲካ። ዛሬ አነሳች።

«እማ፣ ክርስቶስ ተነሥቷል።»

«በእውነት ተነሥቷል። ማን ልበል?»

«አርጊሪስ ነኛ! ልጅሽ!»

«ልጅ? እኔ እንጃ... አላስታውስም።»

ዘጋችብኝ።

ሜይ 17
አለፈ። ፍጻሜው ላይ ልጆቹ አነሱኝ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ ወገቤ ክርችም አለ። መውረድ አቃተኝ። ልጆቹ ገባቸው መሰለኝ፣ እስከ ዘፈኑ መጨረሻ በበዓል ቀን እንደሚዞር ቅዱስ ሥዕል ተሸክመው መድረኩን አዞሩኝ። «ኦፓ!» ያልኩት ከሕመም ነው። ዳኞቹ «ደፋር ፈጠራ» አሉት። ቆጵሮስ ትልቁን ነጥብ፣ አሥራ ሁለትን ሰጠችን፣ እሷማ ለግሪክ መስጠቷ መቼ ቀርቶ። ሌሎቹም ሰጡ... ስድስተኛ ወጣሁ!

ባንዲራ ለብሼ ስወጣ ጋዜጠኛ ያዘኝ። «እናትህ እያየችህ ይሆን?»

«በልቧ ታውቀኛለች» አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። ውድድሩ አልቆ ነበር።

ሜይ 24
ተሰሎንቄ። የእማ ሕንፃ ደረጃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቷ ኪሪያ ፖሊክሴኒ አቀፈችኝ። «አይ ልጄ፣ መስቀልህ ከባድ ነው!» በየጠዋቱ የእማን በር እያንኳኳች ምድጃ ማጥፋቷን ታረጋግጣለች። ፋርማሲስቱ የመድኃኒቷን ሰዓት በትልልቅ ፊደል ይጽፍላታል። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ፣ እየጮኸ ያናግራታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ የምትጫወተውን ካርታ ደግሞ...

«ይቅርብሽ አልናት። ቁጥሩ እንዳያደክማት ብለን።»

እማን! የወጣውንም ያልወጣውንም ካርታ በቃሏ የምትይዘውን!

በሩን ከፈተችልኝ። አየችኝ። ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፣ ቃሪያ በሩዝ ትሞላለች። አልጠወለገችም፣ ከስታለች እንጂ።

«እማ፣ ይቅር በይኝ።»

ቀና አላለችም። «እኔን ምን አድርገኸኝ ነው? እኔማ ዕድሜህን አውቀዋለሁ። ሂድና ለእነሱ ንገራቸው። ከአምስተኛ ፎቅ ጀምር። አሳንሰሩ ተበላሽቷል።»

ሜይ 25
ወጣሁ። አምስተኛ ፎቅ አንኳኳሁ። «እናቴ ምንም አትረሳም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው።» ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የእናቱን ክብር ለመጠበቅ ራሱን የሚያዋርድ ልጅ! እግዚአብሔር ይባርክህ!» አላመነኝም። አራተኛ ፎቅ ጭራሽ ኬክ አበሉኝ።

የኪሪያ ፖሊክሴኒ ቤት፣ እሷን ጨምሮ ሦስቱም የእማ የካርታ ጓደኞች ነበሩ። ስናገር ደረታቸውን መቱ። «ደግ ልጅ! ደግ ልጅ!» ዕድሜዬን ሙሉ ውሸቴን ሰው ሲያምነኝ ኖሮ፣ እውነቱን ስናገር...

መታወቂያዬን አወጣሁ። ለማንም አሳይቼው የማላውቀውን። መነጽር ተፈለገ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ሰባ ስምንት ይላል» አለች አንዷ።

ኪሪያ ፖሊክሴኒ እኔን አየች፣ መታወቂያውን አየች፣ እኔን አየች። «ኧረ በሞትኩት! እኔስ ሃምሳ ሁለት ነበር የምለው!» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እና ሁለት ወር ሙሉ ያቺን ሴትዮ እንደ ሕፃን... አንተ የማትረባ!» በነጠላ ጫማዋ ትከሻዬን አለችኝ። ደጋግማ። ደስ አለኝ ብል ማን ያምናል?

ሜይ 28
አንዷ መታወቂያዬን ፎቶ አንስታ ኖሯል። አገር አየው። ማኅበሩ አምባሳደርነቱን ነጠቀኝ፣ ልክ ነው። የክለቡ ባለቤት ስሜን ከፖስተሩ አወረደ። ሚርሲኒ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ረጋ አለች። «አንድ ሥራ አለ። ማስታወቂያ። ለወገብ ሕመም የሚቀባ።»

እሺ አልኩ።

ጁን 20
ልደቴ። አርባ ስምንት። ፀጉሬ ከሥሩ ነጭ ሆኗል፣ ለሳምንታት አልነካሁትም። እማ እስካሁን ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፣ ግን ምን በላህ ብላ መጠየቅ ጀምራለች።

ከሰዓት ካርታ ተጫዋቾቹ መጡ፣ ሁለት ሆነው። ሦስተኛዋን ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። እማ ወንበሩን በእግሯ ገፋችልኝ። «ተቀመጥ። አራተኛ ጎድሎናል።»

ከእሷ ጋር አጣመሩኝ። የማላውቀውን ጨዋታ እንደማውቅ ሆኜ ተቀመጥኩ። የጣልኩትን ሁሉ ኪሪያ ፖሊክሴኒ እየሳቀች ታነሳዋለች። በሦስተኛው ዙር እማ ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«አያፍርም? በዚህ ዕድሜው!»

ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች... መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ።