ማኅተም ፍለጋ ወደ አንኮበር

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት 3፡30
እንደገና ውርጭ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። ኃላፊያችን አቶ ግዛው ገቡና ያቺን የታችኛዋን ክፍል በወሩ መጨረሻ አስረክቢ አሉኝ። በጀት የሌለው ሥራ ክፍል አይዝም ተብሏል። ክፍሏ እኮ የኔ ናት! ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በስልክ የሚመጣውን ወሬ እውነቱን ከውሸቱ መለየት የማስተምርባት። አሁን የተሰበረ ወንበር ሊታጎርባት። ኤጭ!

ደግነቱ ኮምፒውተር ክፍል ያለችው ጓደኛዬ ሰላም ማስታወቂያ አገኘች። እንዲህ ያለ ሥልጠና ለሚሰጡ ቤተ መጻሕፍት የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጥ የውጭ ድርጅት አለ፤ ማስታወቂያው በአማርኛ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት፣ እስከ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት። አቶ ግዛው በጀት ካመጣሽ ክፍሏ ያንቺው ናት አሉ። በቃ፣ ጥርሴን ነክሼ እገባበታለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ከሰላም ጋር ተጣላን። ቅጹ ላይ "ሥልጠናው ለአካባቢያችሁ ሰው ለምን ያስፈልጋል?" የሚል ጥያቄ አለ። እሷ ዘርፈ ብዙ፣ ሁለንተናዊ፣ ዘላቂ የአቅም ግንባታ ምናምን እያለች አንድ ገጽ ሞላች። ሦስቴ አነበብኩት፣ ምንም አልገባኝም። ፈረንጅ የሚወደው እንዲህ ነው አለች። ይሁንላት። ምሳ ሽሮ። ታረቅን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ከሰዓት
ጉድ ፈላ! የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌ ማኅተም ላስመታ ብሄድ አቶ ግዛው የሉም። ነገ ሚካኤል ነው፤ ለንግሥ ትውልድ መንደራቸው፣ አንኮበር ገብተዋል። ማኅተሙስ? ኪሳቸው ውስጥ! አምና አንዱ ሳያስፈቅዳቸው መትቶበት፣ ከዚያ ወዲህ ማኅተሙ የሚያድረው ከሳቸው ጋር ነው። ደወልኩ። ሰኞ እመጣለሁ አሉ። ቀኑ ቅዳሜ ያልፋል አልኳቸው። እንግዲያው ነያ አሉኝ!

ሰላም ለመሆኑ ማኅተም ይፈልጋሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁባት። ያለ ማኅተም የሚሄድ ደብዳቤ የት አገር አይታ ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ 11 ሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ
ወደ ደ/ብርሃን እየተመለስኩ። ፊደሌ ከተንጋደደ መንገዱን ውቀሺ። ጭጋግ። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ በነጭ፤ አቶ ግዛውን በምን ልለያቸው? ያለዚያ ቡናማ ካፖርት አይቻቸው አላውቅም። ታቦቱ ከገባ በኋላ እሳቸው አገኙኝ። መጀመሪያ ብዪ። በላሁ። ድገሚ። ደገምኩ። አክስታቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና አላገባችም ወይ አሉ። ምስር ወጡ ትን አለኝ።

ከዚያ ደብዳቤው ታየ። ወጪ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው ወረቀት ላይ ማኅተሜን አላሳርፍም አሉ! ለሰላም ደወልኩ፣ መዝገብ ቤት ሮጣ ቁጥር አወጣች፣ ኔትወርኩ ሦስቴ ተቆረጠ። ቁጥሩ ተጻፈ። የማኅተሙ ቀለም ደርቋል! አቶ ግዛው ግራ ቀኝ አዩና ጠላ ጠብ አደረጉበት። ጧ! መቱልኝ።

ወረቀቱ ጠላ ጠላ ይሸታል፤ ማኅተሙ ግን ጥርት ብሏል። ደስ ብሎኛል። እልል ማለት ሁሉ አምሮኛል፣ ሾፌሩን እንዳላስደነግጥ ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ 6 ሰዓት
አትስሚኝ፣ ደብተሬ። አፍሬያለሁ።

ጠዋት ክፍል ገባሁና ደብዳቤውን ከፍ አድርጌ የአንኮበሩን ጉዞ ተረክሁ። ሁሉም ሳቀ። ከመሪጌታ ይትባረክ በቀር። ሰባ ያለፋቸው፣ የተማሪዎቼ ሁሉ አንጋፋ። መጀመሪያ የመጡት ስልካቸው ላይ መኪና ደርሶዎታል የሚል መልእክት ሊያጭበረብራቸው ሲል ነበር። ማስታወቂያው የታለ አሉ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን እየሰደዱ፣ ቃል በቃል። እኔ ትምህርቱን ጨረስኩ፤ እሳቸው ገና ናቸው። በመጨረሻ ጣታቸው አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ የድጋፍ ደብዳቤም ሆነ ማኅተም አያስፈልግም ይላል እኮ።"

ከኋላዬ ሰሌዳው ላይ፣ በገዛ እጄ በትልቁ የተጻፈ፦ እስከ መጨረሻው ሳታነቡ እንዳትነሱ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! መሪጌታ ግን ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ማንበቡን ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ፣ አንገትሽን አትድፊ አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ብርዱ ነው አልኳቸው።

11፡35
ሊዘጋ ሃያ አምስት ደቂቃ። ያንን ዘርፈ ብዙውን፣ ሁለንተናዊውን፣ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁት። ሰላም ጮኸች። በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦ "ይህን ትምህርት የማስተምረው እኔ ነኝ። ማስታወቂያችሁን ሳልጨርስ፣ ማንም ያልጠየቀኝን ማኅተም ፍለጋ አንኮበር ድረስ ሄጃለሁ። ስሕተቴን ያገኙት ተማሪዬ ናቸው። እሳቸው የተማሩባት ክፍል በወሩ መጨረሻ ትዘጋለች።"

ሰላም አብደሻል አለች። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋችና አጠገቤ ተቀመጠች።

ጠላ የሸተተው ደብዳቤ ሰሌዳው አጠገብ ተለጥፏል። አቶ ግዛው ያለ ማኅተም ወረቀት ከቤተ መጻሕፍታቸው መውጣቱን ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ እንጃ። ሰኞ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

11፡52። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፣ እንደ መሪጌታ ጣቴን እየሰደድኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ነኝ። ልልከው ነው።