የደመናዋ ዘፈን ባለቤት

ግንቦት 12
ዛሬ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት ሦስት የቴፕ ክር ብቻ። አንዱ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነበር የሚላቀቀው...

ከሰዓት ጋሽ ቴፕ መጡ። ጡረታ ከወጡ አሥራ አምስት ዓመታቸው፤ ማክሰኞን ግን ቀርተው አያውቁም። የሬዲዮ ጣቢያችንን የባህል ዘፈኖች መንደር ለመንደር ዞረው የቀዱት እሳቸው ናቸው። የጆሮ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ነጥቀው ሰሙና ዓይናቸው በራ። የደመናዋ ዘፈን! ከአየር ትንበያ በፊት የምትለቀቀዋ፣ አገር ምድሩ የሚያውቃት፦

ጥቁሯ ደመና፣ ደጄ ላይ የቆምሽው፣
ዝናብሽስ የታለ፣ ነጎድጓድ ብቻ ነው?

"የዝናብ ልመና ናት። ከጥንት የወረደች። መጽሐፌ ላይ ሙሉ ምዕራፍ አላት" አሉኝ፣ ለመቶኛ ጊዜ። ሲያወሩ ደስ ይሉኛል።

ግንቦት 14
የዘፈኗን ክር እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በሬዲዮ ተላልፎ የማያውቅ ነገር አለበት። ጋሽ ቴፕ፣ በዚያ በወጣትነት ድምፃቸው፣ "ዜማው የማን ነው?" ይላሉ። ዘፋኟ፣ "የማንም። ከጥንት ያለ ነው።" ከዚያ አብረዋት ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሳቅ። ግን ምን ዓይነት ሳቅ! አንዷማ ትን ብሏታል። ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቀው?

ግንቦት 18
የጠዋቱ አቅራቢ ሳቁን ወዶት ሙሉውን ለቀቀው። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ስልክ ተደወለ። ወደኔ አዞረው። የአሮጊት ድምፅ።
"የዘፈንኩት እኔ ነኝ። ዜማውም የኔ ነው። ደግሞ ደመና አይደለችም።"
"ታዲያ ምንድን ናት፣ እማማ?"
"አማቴ ናት! ነፍሷን ይማርና።"

ዘፈኑ የተቀዳ ቀን አማትየው አጠገባቸው ልብስ ያሰጡ ነበር አሉ። ታዲያ እንዴት አድርገው "የኔ ነው" ይበሉ? ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ስልኩን ስዘጋ ግን ጋሽ ቴፕ ትዝ አሉኝ። ያ ሁሉ ምዕራፍ... ማን ነው የሚነግራቸው? እኔ?

ግንቦት 19
ነገርኳቸው። አልሳቁም።
"ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳሳስት ኖሬያለሁ በይኛ" አሉና ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ሻያቸውን እንኳ አልነኩትም። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ግንቦት 26
ማክሰኞ። አልመጡም።

ሰኔ 3
መጡ! ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው። ለካ የእማማን ስልክ ቁጥር ከአቅራቢው ተቀብለው ራሳቸው ጠርተዋቸዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እማማ ትክ ብለው አዩአቸውና፣
"አንተ ያ ቀጭኑ ልጅ! ምነው እንዲህ አረጀህ?"

ጋሽ ቴፕ ሊስቁ ሲሉ እንባቸው ቀደመ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተመልሼ፣ ለብቻዎ መጠየቅ ነበረብኝ።"
"ብትጠይቀኝም እዋሽህ ነበር። የማድረው እዚያው እሷ ቤት እኮ ነው!"

ጋሽ ቴፕ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። እማማ ግን ቀዝቀዝ አሉ። "አማቴ ራሷ እንኳ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር አብራኝ ታዜመው ነበር፣ ምስኪን። 'እንዴት ያለ ዘፈን ነው!' ትለኛለች... እየቆየ ሲሄድ ወደድኳት መሰለኝ።"

ጋሽ ቴፕ ደብተራቸውን አወጡ። "ከመጀመሪያው ይንገሩኝ። ምዕራፉን እንደገና እጽፈዋለሁ።"

ሰኔ 14
ዘጠኝ ዓመት ከክር ጋር ኖሬ፣ መቅረጫ ይዤ ከቢሮ ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ። ጋሽ ቴፕ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። "አንቺ ሂጂ፣ ጆሮሽ ደህና ነው" ብለው እማማ ቤት ላኩኝ። ሦስት ዘፈን ቀዳሁ። ከዚያ እማማ ደከማቸውና ጓዳ ገብተው ጋደም አሉ።

ምራታቸው ሰሃን ታጥባለች። እንደ ዘበት፣ "አንቺስ የራስሽ ዘፈን የለሽም?" አልኳት። እጇን ጠራረገች። የጓዳውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋች።
"ስሜን እንዳትጽፊ።"
"ስለ ማን ነው?"

ሳቀች። መቅረጫውን አበራሁት። በሹክሹክታ ጀመረች... ስለ አንዲት አሮጌ ሬዲዮ ነው፤ ቢዘጓትም መለፍለፍ ስለማትተው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከጓዳ የእማማ ድምፅ መጣ፦
"ጮክ በይ እንጂ! እንዲህ ከሆነማ ማን ይሰማሻል!"