ድራምህ ተቀድቷል

ውድ ጋሼ፣

ስልክህን ብትዘጋብኝ ጊዜ በወረቀት መጣሁብህ። ትናንት ልጅህ ቤት ድረስ መጥቼ "ተኝቷል በሏት" ስትል በገዛ ጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። የተኛ ሰው እንዲህ ጮክ ብሎ አያወራም። ደብዳቤውን ልጅህ ትሰጥሃለች፤ መነጽርህንም አብራ እንድታመጣልህ ነግሬያታለሁ፣ የዛሬው ጉዳይ ፊደል በፊደል መነበብ አለበትና።

ድራምህ አልተቀደደም። አልተቀደደም! "ተቀድቷል" ልልህ ነበር፤ በማይክ፣ በኮምፒዩተር፣ ጥርት ብሎ ተቀድቷል። ደስታዬ ቢያጣድፈኝ ፊደል ገደፍኩና "ጋሼ፣ ድራምህ ተቀዷል! እልልልል!" ብዬ ላክሁልህ። ቀኑን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ እየፈታሁ መድኃኒት የምሰጥ ሴትዮ፣ የራሴን ጽሑፍ ማንበብ ያቅተኝ? አንተም "ደስ ካለሽ ጥሩ ነው" ብለህ መለስክልኝ። እኔ ሞኟ ትሕትና መስሎኝ "ጋሼ እኮ ሲያመሰግኑት ያፍራል" እያልኩ ለባሌ አነበብኩለት።

ነገሩ የገባኝ ልጅህ ስትደውል ነው። "አባዬን ምን አድርጋችሁት ነው? ድራሜን ቀደው እልል አሉ እያለ እህል አልቀምስ ብሏል። ድሮም እናትሽ ካረፈች በኋላ መምታት አልነበረብኝም፣ ከእንግዲህ ስቲክ በእጄ አልይዝም ይላል" አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ።

ጋሼ ሙት፣ እስቲ አስበው፤ ያንን ድራም እኔ እቀዳለሁ? እቀደዋለሁ ማለቴ ነው። ይኸው፣ አሁንም ተምታታብኝ!

የልብስ ማጠቢያ ክፍላችንን ስቱዲዮ ላደርግ ስነሳ፣ ባሌ ከሶፋ ሥራው የተረፈውን ስፖንጅ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። እቴቴ ካረፈች ጀምሮ አንሶላ ተከናንቦ የተቀመጠውን ድራምህን ለምኜህ አመጣሁት። ማይክ ስመርጥ አማክረኝ ስልህም፣ "ማማከር ብቻ፤ አልመታም" ብለህ ቃል አስገባኸኝ። ከዚያ ያ የማይክ ሻጭ ሻንጣውን ከፍቶ ሰባት ማይክ ደረደረልን። "ለእያንዳንዱ ከበሮ የራሱ ማይክ" ሲልህ፣ "ልጄ፣ እኛ የምንቀዳው ድራም ነው፤ ጋዜጣዊ መግለጫ አይደለም" አልከው። ሰውዬው ግን ምላሰኛ ነው፤ "ሞክሩትና ካልሆነ ትመልሳላችሁ" ብሎ አሸከመን።

ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች እያንዳንዱ ማይክ የጎረቤቱን ሁሉ ይሰማል። ሲደባለቅ ጣሪያ ላይ ጠጠር የሚበተን መሰለ፤ የጎረቤታችን ሳል ሳይቀር ገብቶበታል። አንተ ማይኮቹን እያነሳህ መጠየቅ ጀመርክ።

"ይሄ ለምንድን ነው?"

"ለስኔሩ፣ ለትንሿ ከበሮ።"

"ይሄስ?"

"እሱም ለስኔሩ፣ ከሥር።"

"ምን አጥፍታ ነው ከላይም ከታችም የምትመረመረው?"

ከሰባቱ ሦስቱን ብቻ መረጥክ። አንዱን ትልቁ ከበሮ ፊት፣ አንዱን ስኔሩ ጠርዝ ላይ፣ ሦስተኛውን ከላይ። ለላይኛው ማቆሚያ የሚሆን ቦታ ስናጣ፣ "ይሄ ገመድ ታዲያ ምን ይሠራል?" ብለህ ልብስ የምናሰጣበት ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልከው። ባሌ ገብቶ አየውና "ታጥቦ ነው?" አለ።

ለመሞከር ደግሞ የሚመታ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ስመታ "ምንጣፍ እያራገፍሽ ነው እንዴ?" አልከኝ። "ተነሺ ከዚህ! ለሙከራ ብቻ ነው እሺ?" ብለህ ተቀመጥክ። መኪና ስታስተምር የተማሪዎችህን ፍሬን ስትረግጥ የኖረች ቀኝ እግርህ፣ ትልቁን ከበሮ ስትረግጥ ክፍሉ ነቃ።

እውነቱን ላውጣው። ማይኮቹ የተመረጡት በዚያው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ "ይሄኛው ይጮህብኛል፣ ነገ ናልኝ"፣ "ያኛው አፈነብኝ፣ እስቲ እንደገና እንሞክረው" እያልኩ ያመላለስኩህ በውሸት ነው። ሻጩ የቀሩትን መልሺልኝ እያለ ቁም ስቅሌን አሳየኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ካልሞከርን አትመታም፤ ካልመታህ አትስቅም። እቴቴ ካረፈች ወዲህ ስትስቅ ያየሁህ ማጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ብቻ ነው። አጠገቤ ሆነህ ናፍቀኸኝ ነበር፣ ጋሼ።

መልእክቱን በላክሁልህ ቀን፣ በሆቴል ባንድህ ጊዜ እቴቴ የምትወደውን ዜማ ዓይንህን ጨፍነህ ስትመታ፣ ሳልነግርህ መቅጃውን ተጫንኩት። ብታውቅ ታቆማለህ ብዬ ነው። ጨርሰህ ለራስህ "ሰምታኝ ቢሆን" ያልከውም ገብቷል፤ ገመዱ ላይ ያለው ማይክ ይዞታል። በየቀኑ እየሰማሁት አለቅሳለሁ። እባክህ ናና አብረን እንስማው፤ ድራምህም ይኸው እንዳለ…

ይቅርታ፣ አቋርጬ ነበር።

ከማጠቢያ ክፍሉ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ። ባሌ በድንጋጤ ደርቆ ቆሟል። ለካ ያጠበውን ትልቁን ብርድ ልብስ ያንተ ገመድ ላይ አስጥቶታል! "የልብስ ገመድ መስሎኝ" ይለኛል። ገመዱ ከነሚስማሩ ተነቅሎ ብርድ ልብሱም ማይኩም ስኔሩ ላይ ወረዱ። ማይኩ ደህና ነው። ስኔሩ ግን…

እንግዲህ መነጽርህን ጠርገህ ይቺን አንብብ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። ድራምህ ተቀድቷል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ተቀዷል። እልል ያለ ሰው የለም።

ቆዳውን እኔ እገዛለሁ፤ ወጥሮ ማሰር የሚችል ግን ካንተ ሌላ የለም። ባሌ "ስንት ሶፋ የወጠርኩ ሰው ይሄ ያቅተኛል?" እያለ መዶሻና ምስማር ይዞ ወደ ስኔሩ እየሄደ ነው። ቶሎ ድረስ!

በሩ ላይ ቆማ የምትከላከልልህ፣
የእህትህ ልጅ