ወለል የሚወለውለው ፈላስፋ

ዛልቃ፣ ቤይሩት
ግንቦት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለፍቅረሥላሴ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጃችን ትግስትስ? እኔ ወገቤን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልመለስክልኝም፤ ኩርፊያህ ቶሎ እንደማይበርድ አውቃለሁ። ሳልነግርህ ወጥቼ መምጣቴም ጥፋት ነበር።

ግን ጨክኜ የቀረሁ እንዳይመስልህ። ውሌ ካለቀ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። አሠሪዬ ማዳሜ ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበት፣ በጠየቅኳት ቁጥር «ባዕዴን» ትለኛለች፤ በኋላ ማለቷ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። የማዳሜ ወንድም ሙስዩ ናቢል ፊልም ይሠራል። ታሪኩ በድሮ ዘመን ባሪያ ስለነበረ አንድ ፈላስፋ ነው፤ ወለል እየወለወለ ስለ ነፃነት ያስባል። አንተ እራት እየጠበቅህ ስትፈላሰፍ ትዝ አልከኝ፤ አንተስ ጨርቅም ነክተህ አታውቅ!

የሚቀርጹት እኛው ምድር ቤት ነበር። ሻይ ይዤ ስወርድ አንድ ሰውዬ ተንበርክኮ ይወለውላል። ጨርቁን እንኳ በደንብ አልጨመቀውም፤ ውሃው ግድግዳው ሥር ተኝቷል። ቤቱ ከቆሸሸ ማዳሜ የምትቆጣው እኔን ነው። ትሪውን አስቀምጬ ጨርቁን ከእጁ መነተፍኩና መወልወል ጀመርኩ። ለካስ ካሜራው እየቀረጸ ኖሯል!

«ሹ ሃይዳ? ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ሙስዩ ጮኸብኝ።

ደነገጥኩ፤ ንዴቴ ግን በለጠ። «ሙስዩ፣ ባሪያ እንዲህ አይወለውልም። ያኒ፣ ማለቴ፣ እንዲህ ከሠራ እንደገና ያሠሩታል። ደግሞ ጀርባውን ለበሩ አይሰጥም፤ ማን እንደሚገባ ማየት አለበት» አልኩት።

ከዚያ ሙስዩ «ያላ፣ በይ አንቺ አስተምሪው» አለኝ።

ተዋናዩን ሦስት ቀን አሠለጠንኩት። ሲወለውል የሚሰማ ክላሲካል ሙዚቃ አዘጋጅተው ነበር። «ሥራ ላይ እያለ አታጫውቱ፤ ሐሳብ የሚመጣው ቁጭ ሲሉ ነው» አልኳቸው፤ ሰሙኝ። ፈላስፋው ጨርቁን ጨምቆ ቁጭ አለና «እጄ የጌታዬ ነው፤ ሐሳቤ ግን የራሴ» ሲል ያን ጊዜ ቫዮሊኑ ተነሣ። አለቀስኩ፣ ፍቅሬ። አላፈርኩም።

ባለፈው እሑድ ሙስዩ ፊልሙን ሳሎን ውስጥ ለእንግዶች አሳየ። ማዳሜ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች «ሚስኪን! ሰው እንዴት ሰውን አስሮ ያስቀምጣል?» አለች።

የቡና ሲኒ እየሰበሰብኩ ነበር። በእንግዶቿ ሁሉ ፊት «ማዳም፣ ፓስፖርቴን» አልኳት።

ሙስዩ እህቱን ትክ ብሎ አያት። ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተችና «ኸላስ፣ በቃ ውሰጂ» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ይኸው አሁን ፓስፖርቴ ጉያዬ ውስጥ ነው። ሙስዩ ትኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ ብሎኛል፤ ቀኑን ግን እስካሁን አልነገርኩትም። ሌላ ሴት ቤት አስገብተህ እንደሆነ አልጣላህም፤ እህቴ ጋ አርፌ ልጄን አያለሁ። ያም ሆነ ይህ፣ እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፤ ትግስትን በቁመት ብቻ ሳይሆን በልብም ያሳድግልን።

ፈቃድህን እየጠየቅኩህ አይደለም፤ ከእንግዲህ የሚከለክለኝ የለም። ብቻ፣ ነይ በለኝ።

ያንተው ተዋበች