የአባባ አጫጭር መስመሮች

ረቡዕ
ዛሬም ያችው ናት። ስልኬ ላይ የጠዋቱ ጥፍር የማታክል አረንጓዴ መስመር፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ምንም። አባባ ኪስ ያለው ስልክ እርምጃቸውን እየቆጠረ፣ ኔትወርክ ሲገኝ እንጅባራ ድረስ ይልክልኛል። ለከሰል የቆረጡት ግንድ እግራቸው ላይ ከወደቀ ወዲህ የሐኪሙ ቃል አንድ ነው፤ በየቀኑ ካልተራመዱ እግሩ ደርቆ ይቀራል። ደውዬ ተቆጣሁ። «እሺ ልጄ» ብቻ አሉኝ። አሁን ቆጨኝ።

ሐሙስ
እልል! መስመሩ የስልኩን ጫፍ ነክቷል። ቢሮ ላለ ሰው ሁሉ አሳየሁ። ስደውል አክስቴ የሺ አነሳች፤ ደክሞት ተኝቷል አለችኝ። ይተኙ፣ ይገባቸዋል።

ዓርብ
ዛሬም ረጅም። እንዲያውም በዛ። ጤነኛ ጎረምሳስ በአንድ ሰዓት ይህን ያህል ይራመዳል? አክስቴን ጠየቅኋት። ሳቋ አላናግር አላት። «ምን ይራመዳል! ዳማው ፈረስ ላይ ተፈናጥጦ ነው እንጂ!»
ለካ ስልኩ የፈረሱን እርምጃ ለአባባ ቆጥሮላቸዋል። እኔም እልል ያልኩት ለፈረስ ነው። ስቄ ስቄ፣ መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። እግራቸውስ?

ቅዳሜ
በጠዋቱ ሚኒባስ እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ፣ ከዚያ እስከ አባባ ቤት በእግር። ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። አጥሩ ስር ደረስኩና ቆምኩ። አባባ አጥሩን ይዘው፣ ፈረስ ላይ ለመውጣት የሚረግጡት ትልቅ ድንጋይ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ዳማው ቆሞ ይጠብቃል።
«ሰው ተሸክሞ ፈረስ ላይ ከሚያወጣኝ ብቀር ይሻለኛል» አሉ። «በጥር በፈረሰኞች በዓል ከእኩዮቼ ጋር መጋለብ አለብኝ።»
ድንጋዩ ላይ ያለ ሰው እርዳታ መጀመሪያ የቆሙት መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ረቡዕ» አሉ። እኔ የተቆጣሁ ዕለት። ያች አጭር የጠዋት መስመር ለካ ይህ ልምምድ ነበረች። አንገታቸውን አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።
ተስማማን፦ ሲሄዱ በፈረስ፣ ሲመለሱ ልጓም ይዘው በእግር።
«ስልኩ እኔንና ፈረሱን ይለያል?»
«አይለይም፣ አባባ።»
«እንግዲህ ታምኚኛለሻ!»

እሁድ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለው መስመር መጣ። የእሳቸው ይሁን የዳማው አላውቅም። መደወል አማረኝ፣ ተውኩት። ዓይኔ የቀረው ጠዋት ላይ ያለችው ጥፍር የማታክለዋ ላይ ነው። እሷን ፈረስ አይሠራትም። ዛሬም ድንጋዩ ላይ በራሳቸው ወጥተዋል።